ተዋት ወይስ እዘላት

«አባዬ፣ እንሂድ?»

ያን ቀን ጠዋት ወደ ክፍሉ የገቡ ሰዎች ሁሉ ከሟቹ ይልቅ አጥብቀው የሚያስታውሱት ይህን ድምፅ ነው። የትንሽ ሴት ልጅ ድምፅ ነው፤ ጉንፋን ቢጤ የያዛት የምትመስል፣ መልስ ለማግኘትም የማትቸኩል ልጅ። ትጠይቅና ዝም ትላለች። ሰው ሁሉ እፎይ ሊል ሲል ደግማ ትጠይቃለች።

ሟቹ ደራሲ ወንበሩ ላይ ነው። አገጩ ደረቱን ነክቷል፤ ጆሮዎቹ ላይ ትልቅ ጥቁር ሄድፎን ተደፍቷል፤ ከኋላ ፀጉሩ በደረቀ ደም ተጣብቋል። ፊት ለፊቱ ያለው ኮምፒውተር ግን አልጠፋም። ስክሪኑ ላይ ሰው የሌለበት የአውቶቡስ መናኸሪያ ይታያል፤ ዝናብ ይዘንባል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ቢጫ ሹራብ የለበሰች ልጅ አንድ እግሯ በፋሻ ታስሮ ተቀምጣለች። ጤነኛ እግሯን ታወዛውዛለች። ከሥሯ ሁለት ሳጥኖች ይበራሉ። አንዱ «ተዋት» ይላል፣ ሌላው «እዘላት»።

«ኧረ በፈጠራችሁ! አንድ ሰው ይህችን ልጅ ዝም ያሰኝልኝ!» አለ ሳጅኑ፣ እጁን ወደ ኮምፒውተሩ እየሰደደ።

«ቀስ» አለች መርማሪዋ ከበሩ ላይ።

የሳጅኑ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጣቢያ ውስጥ ከአለቃ እስከ ዘበኛ «እትዬ ቀስ» የሚሏት ወደው አይደለም። ወፍራም ናት፣ ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች፣ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ስትሮጥ ያያት የለም። የሚሮጡት ሌሎቹ ናቸው፤ ሲደክማቸው እሷ ቀድማ ቁጭ ያለችበት ቦታ ላይ ይደርሳሉ።

ሟቹን ዞራ አየችው። ከዚያ ወደ ሳጅኑ ዘወር አለች።

«ይሄ ሰው ሲሞት ምን ይሰማ ነበር?»

«ጌሙን ነዋ! ሄድፎን አድርጎ ይጫወታል፤ ጆሮው ተደፍኗል፤ ሌባው ከኋላው መጥቶ ይመታዋል። የውጭው በር ክፍት ነው የተገኘው፤ መሳቢያዎቹም ተበርብረዋል። ምን ያጠያይቃል እትዬ?»

«እሱ በሄድፎን ከሰማ፣ እኛ ከስፒከሩ የምንሰማው ምንድን ነው?»

መርማሪዋ የሄድፎኑን ገመድ በዓይኗ ተከተለችው። ከጆሮው ወርዶ፣ በጭኑ ላይ አልፎ፣ ምንጣፉ ላይ ያልቃል። መሰኪያው የትም አልተሰካም።

ከወንበሩ ጀርባ ወገብ የሚደርስ አረንጓዴ የብረት ቁም ሳጥን ነበር። እንደ ማንኛውም የቢሮ ቁም ሳጥን አቧራ ለብሷል። አንደኛው ጠርዙ ብቻ ተወልውሎ ያበራል። መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ጎንበስ አለችና ጠርዙን አየችው፤ ከዚያ ቀና አለች።

«አባዬ፣ እንሂድ?» አለች ልጅቷ።

---

ቢሮው ከታች ጫማ ቤት፣ ከመሀል የጥርስ ሐኪም ባለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራቸው ቪዲዮ ጌም መሥራት ነው። የጌሙን ታሪክ ከሚጽፈው ከሟቹ ሌላ አራት ናቸው፤ አራቱም የበሩ ቁልፍ አላቸው። ሥራ አስኪያጇ የሟቹ ታላቅ እህት ናት። ፕሮግራመሩን ከቁመናው የተነሣ «ቀጮ» ይሉታል። አንዲት ሞካሪ አለች፤ ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ጌሙን እየተጫወተች ስሕተት መልቀም ነው፤ ጠዋት ቀድማ ገብታ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት። አራተኛው የድምፅ ባለሙያው ነው። «ጆሮ» ይሉታል፤ የጎረቤት ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም በግድግዳ ሰምቶ ቅጂ ያስቆማል ይባላል።

መጀመሪያ የተጠየቀችው እህትየው ናት። አላለቀሰችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ብትንቀሳቀስ የምትፈርስ ይመስላል።

«ትናንት ከወንድምዎ ጋር ተጣልታችኋል» አለች መርማሪዋ። «የጥርስ ሐኪሙ ረዳት ጩኸታችሁን ሰምታለች። ‹ከሰውነት ወጥተሃል› ብለውታል።»

«ብዬዋለሁ።»

«በምን?»

«በዚያች ልጅ።» ወደ ዝግ በር ጠቆመች። ድምፁ ከበሩ ኋላ በስሱ ይሰማል። «የዚያች ልጅ ድምፅ የጆሮ ልጅ ድምፅ ነው፤ የገዛ ልጁ። ስትቀረጽ ጤነኛ ነበረች። ከዚያ ታመመች። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ወንድሜ ‹ለአንድ ሰዓት ብቻ መጥተህ ይህን ድምፅ ጨርስልኝ› ብሎ አባትየውን ጠራው። መጣ። እሱ እዚህ እያለ ልጅቷ እዚያ አረፈች። አስታማሚዎቹ እንደነገሩን እስከ መጨረሻው ‹አባዬ መቼ ነው የሚመጣው› ነበር የምትለው።»

መርማሪዋ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«ጌሙ ላይ ደግሞ ልጅቷን ትቶ መሄድ ይቻላል። ‹ተዋት› የሚለውን ከተጫኑ አባትየው በር ከፍቶ ይወጣል፤ እሷ ከኋላው ‹አባዬ› እያለች ታለቅሳለች፤ በሩ እስኪዘጋ። ‹ይህን አውጣው፣ ጆሮ በቁሙ እየሞተ ነው› አልኩት። እምቢ አለ። ‹መተው ካልተቻለ ማዘሉ ምን ዋጋ አለው?› አለኝ። የወንድሜን ነገር... እሱ ሲጽፍ ሰው አይታየውም ነበር።»

እህትየው ስትወጣ ሳጅኑ ወደ መርማሪዋ ጆሮ ጠጋ አለ። «አለቃ ደውለዋል፤ እህትየውን ከመምሸቱ በፊት ይዘሃት ና ብለዋል። ጸቡ ተሰምቷል፤ ቁልፍ አላት። ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

«ለወንድሟ እንኳ እንድታለቅስ ጊዜ ስጣት» አለች መርማሪዋ።

---

ሞካሪዋ ጣቶቿን ያለማቋረጥ የምታንቀሳቅስ፣ ዓይኖቿ ከእንቅልፍ እጦት የቀሉ ወጣት ናት።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር ተጫውቼ አላውቅም» አለቻት መርማሪዋ። «እንደ ፊልም ነው?»

«አይደለም እትዬ። እንዴት ልበልዎት... ፊልም ላይ አባት ልጁን ጥሎ ቢሄድ ማንን ይረግማሉ?»

«አባትየውን። ወይ ደግሞ ታሪኩን የጻፈውን።»

«እዚህ ማንን ይረግማሉ? ሳጥኑን የተጫኑት እርስዎ ነዎት። ጋሼ፣ ማለቴ ሟቹ፣ ሁልጊዜ የሚሉት ይህን ነው፤ ‹መጽሐፍ ሐዘን ያመጣል፤ ጸጸት የሚያመጣው ጌም ብቻ ነው› ይሉ ነበር። ታሪኩ ላይ ግድብ ሊፈርስ ነው። ሰውየው ብቻውን ከሮጠ ደርሶ መንደሩን ያስጠነቅቃል። እግሯ የተሰበረውን ልጁን ካዘለ ይዘገያል፤ መንደሩን ውኃ ይበላዋል። ትክክል የሚባል መልስ የለውም። ሰው የሚመርጠው እንደየራሱ ነው። እኔ ሰው ሲጫወት ከኋላ ቆሜ ካየሁ ጠባዩን እነግርዎታለሁ።»

«ትናንትስ?»

«ከመውጣታችን በፊት ሁለቱንም ሞከርኩ። ‹እዘላት› ይሠራል። ‹ተዋት› ስል እንደ ወትሮው ታለቅሳለች። ከዚያ ቀጮ፣ እህትየውና እኔ አብረን ወጣን፤ ጋሼ ቀሩ። እህትየውን ከሕንፃው በር ላይ ተለየናቸው።»

«ጆሮስ?»

«እሱ ቀድሞ ወጥቷል። ለቅሶውን መስማት አይችልም። እኛ ቢሮ ልማድ አለ፤ ‹ተዋት›ን ልንጫን ስንል ጠረጴዛውን ሁለቴ እናንኳኳለን። እሱ ሲሰማ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ይቆማል። ትናንትም እኔ ሳንኳኳ ኮቱን አንሥቶ ወጣ፤ በዚያው ወደ ቤቱ ሄደ።»

ቀጮ ሲጠየቅ እንደ ሰው ሁሉ ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ መስኮቱን ተደግፎ ቆመ። ስለ ሄድፎኑ ሲሰማ ግን ቀና አለ።

«መሰኪያው መሬት ላይ? ታዲያ ይሄን ያደረገ ሰው የድምፅን ነገር አያውቅም ማለት ነው! መሰኪያው ሲገባ ስፒከሩ ይዘጋል፤ ሲወጣ ስፒከሩ ይናገራል። ይሄን እኔ አውቃለሁ፣ ሞካሪዋ ታውቃለች። ጆሮማ በሕልሙም አይስተውም።» ድንገት ከንፈሩን ነከሰ። የማታውቀው አንዲት ሰው ብቻ መሆኗ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው።

«እህትየው» አለ ሳጅኑ በደስታ።

«እሳቸው ኮምፒውተራቸውን የሚያበሩላቸው እንኳ እኛ ነን፤ ግን እኔ እንደዚያ ማለቴ አይደለም...»

«ያልከውን ብለሃል» አለ ሳጅኑ፣ ካቴናውን በኪሱ ውስጥ እየዳሰሰ።

የመጨረሻው ጆሮ ነበር። ትከሻው የወደቀ፣ ጸጉሩ ከዕድሜው በፊት የሸበተ ሰው ነው። ከዝግ በሩ ኋላ «አባዬ፣ እንሂድ?» በተባለ ቁጥር የዓይኑ ሽፋን ትንሽ ይርገበገባል።

«ትናንት ቀድሜ ወጣሁ» አለ። «በእግሬ ቤቴ ሄድኩ። ያየኝ ሰው ካለ አላውቅም።»

«እህትየው ለቅሶው እንዲወጣ ለምና ነበር፤ ላንተ ብላ።»

«ደግ ናት። ግን እኔ አውጡት ብዬ አላውቅም።» ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ሳያስበው ጆሮውን ያስጠጋል። «መስማት አልችልም እንጂ እንዲጠፋ አልፈልግም። ስትቀረጽ ያን ቀን የእውነት ነው ያለቀሰችው፤ አሻንጉሊቷን ቀምተን ነው ያስለቀስናት። ለቅሶዋ የራሷ ነው። ከሷ የቀረኝ እሱ ነው።»

---

ሬሳው ሲነሣ መርማሪዋ ብቻዋን ክፍሉ ውስጥ ቀረች። አዲስ ወንበር አስመጥታ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ከነፍሰ ገዳዮች ጋር ፊት ለፊት ሻይ የጠጣች ሴት ናት፤ የሥዕል ልጅ ልታስፈራት አይገባም ነበር።

«አባዬ፣ እንሂድ?»

ማውሱን «እዘላት» ላይ አደረገች። መንደሩ ትዝ አላት። ወደ «ተዋት» ወሰደችው። ልጅቷ በዚህ መሀል አንገቷን ቀና አድርጋ ቀጥታ ወደ እሷ አየች፤ እንዲህ እንድታይ ያደረጋት ፕሮግራም መሆኑን መርማሪዋ ታውቃለች፤ ቢሆንም ዓይኗን ዞር አደረገች። መጽሐፍ ቢሆን ገጹን ትገልጥ ነበር። እዚህ ገጹ እሷን ይጠብቃል። እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተ ሰው ሥራ አስፈራት።

ሳጅኑን ጠራችው። «አንድ በአንድ አስገባልኝ። እንዲጫወቱ እፈልጋለሁ። የጨረሰው ካልጨረሰው ጋር እንዳይገናኝ።»

«እንዲጫወቱ?» አለ ሳጅኑ። «ሬሳ በወጣበት ክፍል?»

«ቀስ እያሉ» አለች።

ቀጮ ገባ። ተቀመጠ፣ ትከሻውን ሰበቀ፣ በልማድ ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኳና «ተዋት»ን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ አባትየው ዞሮ ወደ በሩ ሄደ። ከኋላው ለቅሶ አልመጣም። «አባዬ፣ አይዞህ፣ ሂድ» አለች ልጅቷ። «አልተቀየምኩህም።»

ቀጮ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ይሄ ከየት መጣ? ይሄ ጌማችን ላይ የለም! ትናንት ስንወጣ የለም!»

«አሁን ያለው የት ነው?»

«እ... እዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ። ጋሼ ከእኛ በኋላ ሠርተውት መሆን አለበት።»

«ይህን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለችው።

ሞካሪዋም አንኳኳች። መጀመሪያ ልጅቷን አዘለቻት፣ ከዚያ ተመልሳ ተወቻት፤ ሥራዋ ስለሆነ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። አዲሱን ድምፅ ስትሰማ ግን ጩኸቷን በሁለት እጇ አፍና ያዘችው፤ ከዚያ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እህትየው ማውሱን አያያዟ እንኳ የሚያስቅ ነበር። «የቱን ነው የምነካው?» ብላ ጠይቃ፣ ሲነገራት ሳታመነታ «እዘላት»ን ነካች። አባትየው ልጁን አዝሎ ሲወጣ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም። «ሌላኛውን እንድነካ አታስገድዱኝ» አለች፤ ማንም አላስገደዳትም።

ጆሮ ገብቶ ሲቀመጥ ክፍሉ ይበልጥ ጠበበ። እጁን ዘረጋና የስፒከሩን መቆጣጠሪያ በሁለት ጣቱ አዞረ፤ ድምፁ ከፍ አለ። ዓይኑን ጨፈነ። «ተዋት»ን ተጫነ።

«አባዬ፣ አይዞህ፣ ሂድ። አልተቀየምኩህም።»

እንባው በጉንጩ ላይ ወርዶ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ፤ አልጠረገውም። በሩ እስኪዘጋ፣ ዝናቡ እስኪቆም፣ መናኸሪያው ተመልሶ ልጅቷ ወንበሯ ላይ እስክትቀመጥ ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

«ይበቃል?» አለ።

«ይበቃል» አለች መርማሪዋ።

ከሰዓት በኋላ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደወለ። መርማሪዋ «እህ» እና «እንዴ» ብቻ እያለች አዳመጠች። ስልኩን ስትዘጋ ለሳጅኑ አልነገረችውም፤ «ሁሉንም ወደዚህ አምጣቸው» አለችው።

---

ክፍሉ ለስድስት ሰው ጠባብ ነው። እህትየው በመስኮቱ በኩል፣ ቀጮና ሞካሪዋ ተጠጋግተው ከግድግዳው ሥር፣ ጆሮ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሳጅኑ ዓይኑን ከእህትየው ላይ አልነቀለም። ልጅቷ እንደ ጠዋቱ እግሯን ታወዛውዛለች።

«ሰውየው በሌባ አልተመታም» አለች መርማሪዋ። «ማንም በምንም አልመታውም። ሐኪሙ ቁስሉ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም አግኝቷል። ቀለሙ የዚህ ቁም ሳጥን ነው። ቆሞ ሳለ ከፊት ተገፋ፣ ወደ ኋላ ወደቀ፣ ጠርዙ መታው። ከዚያ የገፋው ሰው አንሥቶ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ ጠርዙን ወለወለ፣ ሄድፎን አጠለቀለት፣ መሳቢያ በረበረ፣ የውጭውን በር ክፍት ትቶ ወጣ። ለምን ሄድፎን? ሳጅኑ ጠዋት ያለውን እንድንል ነው። ጆሮው ተደፍኖ ሌባ ከኋላ መጣበት እንድንል።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ግን መሰኪያው አልተሰካም። ቀጮ ‹ይህን ያደረገው የድምፅን ነገር የማያውቅ ነው› አለኝ። አሁን ይህን ስል ሁላችሁም ወደ እህትየው አያችሁ።»

«እኔ አላየሁም» አለ ቀጮ አንገቱን ደፍቶ።

«አይተሃል፤ እኔም አይቻለሁ። ነገሩ ግን ሊሆን የሚችለው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ገዳዩ መሰኪያው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ወይ ደግሞ በጣም አብጠርጥሮ ያውቃል። መሰኪያው ቢሰካ ምን ይሆናል?»

«ስፒከሩ ይዘጋል» አለች ሞካሪዋ።

«ስፒከሩ ሲዘጋስ?»

ሞካሪዋ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ዓይኗ ወደ ስክሪኑ ሄደ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ በሩ።

«ልጅቷ ዝም ትላለች» አለች መርማሪዋ። «ገዳዩ ያን ማድረግ ያልቻለ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ጆሮ ላለማየት ሞከሩ። እሱ መሬቱን ያያል።

«ይህ ግምት ነው፤ በግምት ሰው አላስርም። ስለዚህ ጌሙን እንድትጫወቱ አደረግሁ። ደራሲው እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ታሪኩን ቀይሮታል። አሁን ‹ተዋት› የሚለውን ለተጫነ ሰው ልጅቷ አታለቅስም፤ ትሸኘዋለች። ቀጮ ሲሰማ ከወንበሩ ዘለለ። ሞካሪዋ ጩኸቷን አፍና አለቀሰች። እርስዎ እመቤት፣ ልጅቷን አዘሏት፤ ስለዚህ ምን እንደምትል እስካሁንም አያውቁም።»

«ምንድን ነው የምትለው?» አለች እህትየው።

መርማሪዋ ወደ በሩ ዞረች። አሁን የምትናገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

«አንተ ይህን ለቅሶ ላለመስማት ኮሪደር ላይ የምትቆም ሰው ነህ። ትናንትም ሲንኳኳ ኮትህን አንሥተህ የሄድክ ሰው ነህ። ‹እዘላት› አጠገብህ ነበር፤ ማንም አልከለከለህም። አንተ ግን ‹ተዋት›ን መረጥክ። ከመምረጥህም በፊት ድምፁን ከፍ አደረግከው። እንደምታለቅስ የሚያስብ አባት ድምፁን ከፍ አያደርግም። ዛሬ የምትለውን ነገር ቀድመህ ታውቅ ነበር። ይህን ሊያውቅ የሚችለው ደግሞ ትናንት ከሁሉም በኋላ ተመልሶ መጥቶ፣ ከደራሲው ጎን ተቀምጦ የሰማ ሰው ብቻ ነው። ፊልም ቢሆን ኖሮ አራታችሁም አንድ ነገር አይታችሁ ትወጡ ነበር፤ እኔም እህትየውን አስሬ እሄድ ነበር።»

«አባዬ፣ እንሂድ?» አለች ልጅቷ።

ጆሮ ሲናገር ድምፁ ያው ዝቅ ያለው ድምፅ ነበር።

«እሱ ነው የጠራኝ። ‹ተመለስ፣ ስጦታ አለኝ› አለኝ። አስቀመጠኝና አሰማኝ። ደስ የሚለኝ መስሎት ነበር፤ የራሱም ዓይን እንባ አቅርሯል። ያን ቀን ከሆስፒታል የጠራኝ እሱ ነው፤ ጸጸቱ እሱንም ሲበላው ኖሯል ለካ።» እጆቹን አያቸው። «ልጄ ‹አልተቀየምኩህም› ብላ አታውቅም። ለማለት ጊዜ አላገኘችም። ከድሮ ቅጂዎቿ ቆራርጦ ነው የቀጣጠለው። አንዱ ቃል የሳቀችበት ቀን ነው፣ አንዱ ያኮረፈችበት ቀን። በቃሎቹ መሀል ያለው ትንፋሽ እንኳ የአንድ ቀን ትንፋሽ አይደለም። ሌላ ሰው አይሰማውም፤ እኔ እሰማዋለሁ። ‹አጥፋው፣ ለቅሶዋን መልስልኝ› አልኩት። ‹ለቅሶውን ከዚህ አውጥቼዋለሁ፤ ይህ ይሻልሃል› አለኝ። ያላለችውን አስባላት። ገፋሁት።»

«መግፋቱስ ይሁን፤ በድንገት ነው። ከዚያስ?»

«የሞተ መስሎኝ ነበር።»

«ሐኪሙ ሌላ ነው የሚለው» አለች መርማሪዋ። ይህን ለመናገር እንደከበዳት ሁሉም አዩ። «ወዲያው አልሞተም። ያን ሰዓት ሰው ቢጠራለት ይተርፍ ነበር። አንተ የጎረቤት ማቀዝቀዣ በግድግዳ የምትሰማ ሰው ነህ። ሄድፎኑን ስታጠልቅለት ፊትህ ከፊቱ ምን ያህል ይርቅ ነበር? ሲተነፍስ አልሰማሁም ልትለኝ ነው?»

እህትየው በመስኮቱ በኩል እንደ ተወጋ ሰው አቃሰተች።

«ሰምቻለሁ» አለ ጆሮ።

«ልታነሣው ትችል ነበር። ልትተወውም ትችል ነበር።»

«ተውኩት።»

ሞካሪዋ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ሳጅኑ ካቴናውን ከኪሱ አወጣና ቀኑን ሙሉ ሊያስራት ወደፈለጋት ሴት ሳይሆን ወደ በሩ ሄደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለች መርማሪዋ። «ውሸት መሆኑን እያወቅክ፣ ሰው እስከ መግደል አስቆጥቶህ ሳለ፣ ዛሬ ለምን ድምፁን ከፍ አደረግከው?»

ጆሮ ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ አሁን ቁጣም ተንኮልም አልነበረም።

«ደግሜ ልሰማው ፈለግሁ» አለ። «እንደሚያስይዘኝ ጠርጥሬ ነበር። ግን ሌላ ማን እንዲህ ይለኛል?»

ሳጅኑ ክንዱን ያዘው። በሩ ተከፍቶ ሁለቱ ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ እርምጃቸው ወደ ደረጃው ይርቃል።

«አባዬ፣ እንሂድ?» አለች ልጅቷ ከኋላው።

የአንደኛው ሰው እርምጃ ቆመ።

እህትየው ከመስኮቱ ተነሥታ ወደ ወንድሟ ጠረጴዛ መጣች። የምታለቅስ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። የስፒከሩን መቆጣጠሪያ አየች፣ ማውሱን አየች፣ በርተው የሚጠብቁትን ሁለቱን ሳጥኖች አየች። የቱንም አልነካችም። ጎንበስ ብላ ሄድፎኑን አነሣች፤ ፖሊሶቹ ከሟቹ ጆሮ አውልቀው በላስቲክ ከረጢት አስገብተውት ነበር። ከረጢቱን ከፈተች። መርማሪዋ «ቀስ» ልትል ትችል ነበር፤ አላለችም።

«የት ነው የሚሰካው?» ብላ ጠየቀች።

ቀጮ በጣቱ አሳያት። እህትየው መሰኪያውን አስገባችው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ኮሪደሩም ጸጥ አለ። ስክሪኑ ላይ ዝናቡ ይዘንባል፤ ቢጫ ሹራብ የለበሰችው ልጅ ቀና ብላ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ከደረጃው በኩል ሳጅኑ «ና እንጂ፣ ምን ቆምክ?» ሲል ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ና እንጂ» አለ።